ግብሩን ማን ከፈለው?

ክላሪስ የእናቷን ቤት ግብር በፖስታ ብትልከው የሚከለክላት አልነበረም። ዋውሳ ከተማ ቁጭ ብላ ቼኳን ጽፋ፣ ቴምብር ለጥፋ መገላገል ትችላለች። ባሏ ኖርበርትም በየዓመቱ የሚላት ይህንኑ ነው። እሷ ግን ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ የመንደሩ ገንዘብ ያዥ ማዘጋጃ ቤት ተቀምጣ ግብር በምትቀበልበት ቅዳሜ፣ ጥሩ ካፖርቷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ በዚያ በሚያንሸራትት የዊስኮንሲን በረዶ ላይ አንድ ሰዓት ነድታ ትመጣለች። ለምን ቢሉ፣ ሰው እንዲያያት ነው። ሌላ ምክንያት የለም። ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ግብሩን የሚከፍለው ማን እንደሆነ መንደሩ በዓይኑ በብረቱ እንዲያይላት ነው።

ደግሞም አይፈረድባትም። አባቷ ሲሞት ቤቱ ዕዳ ነበረበት። ባንኩ ሊወስደው ጫፍ ሲደርስ ክላሪስና ኖርበርት ገዙት፣ በስማቸው አዞሩት፣ እናቷን ሃቲንም «እማ፣ ኪራይ የለብሽ፣ ግብር የለብሽ፣ ዝም ብለሽ ኑሪበት» አሏት። እንዲህ ያደረገች ልጅ የትም አገር ትመሰገናለች። ክላሪስም ተመስግናለች፤ አንድ ሰሞን። ከዚያ ታናሽ እህቷ ሮዛን ከባሏ ተፋታችና ሁለት ሻንጣና አንድ ድመት ይዛ እናቷ ዘንድ ገባች። ምስጋናውም አብሯት ገባ።

ሮዛን እናቷን ክንዷን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ታደርሳለች። ሮዛን ዓርብ በመጣ ቁጥር እናቷን የተጠበሰ ዓሣ ልታበላት ይዛት ትወጣለች። ሮዛን የአባቷን አኮርዲዮን ከመደርደሪያው አውርዳ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ፖልካ የሚሉትን የጭፈራ ዜማ ትጫወትላታለች፤ አሮጊቷም በማንኪያ ጠረጴዛ እየመታች ታጅባታለች። ልጅ የማይወልዱት የካቶሊክ ቄስ እንኳ ሳይቀሩ «እንደ ሮዛን ያለ ልጅ ይስጠን» ብለዋል ተባለ። ይባስ ብሎ ሰዉ ቤቱን «የሮዛን ቤት» ይለው ጀመር። ኖርበርት ከዋውሳ ድረስ መጥቶ፣ ጣራ ላይ ወጥቶ፣ ወገቡን ተቀጭቶ የጠገነውን ጣራ ጎረቤቱ «ሮዛን አስጠገነችው» ሲል ክላሪስ በጆሮዋ ሰምታለች። እርር ድብን አለች። ያን ቀን ምሳ እንኳ አልበላችም።

ኖርበርት የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ነው፤ ነገር የማያበዛ፣ ቁጥር የሚወድ ሰው። እሱን የሚያጽናናው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቤቱ በስማቸው እስከሆነና ግብሩን ራሳቸው እስከከፈሉ ድረስ፣ እናት ኖረችበት እህት ኖረችበት፣ የከፈሉት ከገቢያቸው ላይ ይቀነስና የራሳቸው የገቢ ግብር ያን ያህል ይቀልላቸዋል። ሚስቱ ስለ ሮዛን መነጫነጭ ስትጀምር «ቢያንስ ይቀነስልናል» ይላትና ወደ ጋዜጣው ይመለሳል።

ክላሪስ ግን ተቀናሽ አይደለም የራባት። የራባት፣ እናቷ አንድ ቀን ሰው ፊት «ቤቱ የክላሪስ ነው፣ ያኖረችኝ እሷ ናት» ስትል መስማት ነው። ይህችን አንዲት ቃል ስትጠብቅ ዓመታት አለፉ። ስልክ ስትደውል የምትሰማው ሮዛን እንዲህ አለች፣ ሮዛን እንዲያ አደረገች ነው። ሄዳ እንዳትጠይቃት ደግሞ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሷ በማታውቀው ወሬ ሲሳሳቁ ማየት አንጀቷን ያሳርረዋል። ስለዚህ መሄዱን እየተወችው መጣች። የቀራት ያቺ የግብር ቅዳሜ ብቻ ናት። እሷን ማንም አይወስድባትም።

የዚያን ዓመትም እንደ ልማዷ መጣች። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞልቷል። የቤት ግብር የሚከፍለው፣ የውሻ ፈቃድ የሚያሳድሰው፣ ምንም ሳይኖረው ለብስኩቱና ለወሬው የመጣው፣ ሁሉም አንድ ሰልፍ ላይ ጫማው ላይ ያለውን በረዶ እያራገፈ ቆሟል። ክላሪስ ለሁሉም አንገቷን እየነቀነቀች፣ ጓንቷን ቀስ ብላ እያወለቀች ተራዋን ጠበቀች። ገንዘብ ያዧ ኤልቪራ በልጅነቷ አብራት የቆረበች ናት። የቤቱን አድራሻ ስትነግራት ኤልቪራ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻት።

«ክላሪስዬ፣ ይሄ እኮ ተከፍሏል።»

«ማን ከፈለው?»

«ሮዛን ናታ። ባለፈው ሳምንት መጥታ በጥሬ ገንዘብ ከፈለች። አልነገረችሽም እንዴ?»

ክላሪስ ክው አለች። ከኋላዋ የቆመ፣ ለውሻው ፈቃድ ሊያወጣ የመጣ ሽማግሌ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሮዛን ማለት ድሮም ልጅ ናት፣ እናቷንም ቤቱንም ቀጥ አድርጋ ይዛለች ብሎ መሰከረ። ሁለት ሦስት ሰውም «እውነት ነው» አለ። ክላሪስ በግድ ሳቀች። አዎ፣ ነግራኝ ነበር፣ ረስቼው ነው አለች። ቼኩን ወደ ቦርሳዋ መለሰች፤ ብስኩት ቢያቀርቡላትም ሳታይ አለፈች።

ኮሪደሩ ላይ ካለው ስልክ ለኖርበርት ደወለች። ነገሩን ነገረችው። እሱም የሂሳብ ሠራተኛቸው ያኔ ቤቱን ሲገዙ የነገራቸውን አስታወሳት።

«እንግዲህ የዘንድሮው ተቀናሽ ሜዳ ላይ ቀረ» አላት። «እኛ ባለቤት ነን፣ ግን አልከፈልንም። እሷ ከፍላለች፣ ግን ባለቤት አይደለችም። ለእኛም አይቀነስ፣ ለእሷም አይቀነስ። ቆይ፣ ምን አስባ ነው?»

ምን አስባ ነው? ይህች ጥያቄ መኪና ውስጥ አብራት ገባች። ከአዳራሹ እስከ እናቷ ቤት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ክላሪስ ግን ለጥያቄው መልስ ለማግኘት ከዚያም ያነሰ በቂዋ ነበር። ሌላ ምን ታስባለች? ቤቱን ነዋ። እናቷን ወሰደች፣ መንደሩን ወሰደች፣ ቄሱን ወሰደች። ቀርታ የነበረችው አንዲት የግብር ቅዳሜ ነበረች፤ እሷንም ዛሬ ወሰደቻት። ነገ ደግሞ «ግብሩን እየከፈልኩ የኖርኩት እኔ ነኝ» ትላለች፣ ሰዉም «እውነት ነው» ይላል። ይላል እንጂ፤ አሁን ብሏል እኮ። ደሟ ፈላ። የመኪናውን ማሞቂያ አጠፋችው፤ ሙቀት ከውስጧ ነበር የሚመጣው።

እናቷ በር ስትደርስ ቆርጣ ነበር። ጸደይ ሲመጣ ቤቱ ይሸጣል። እናቷን ዋውሳ ትወስዳታለች፣ ከእንግዳ ክፍሎቹ የተሻለውን ትሰጣታለች፣ እዚያ ሆና ማን ልጇ እንደሆነች ትለይ። ሮዛን ድመቷን ይዛ የመጣችበት ትመለስ።

ሮዛን ደጃፉ ላይ በአካፋ በረዶ እየጠረገች ነበር። እህቷን ስታይ ፈገግ አለች። ያቺ ፈገግታ ነገር ያላት፣ የሚያውቁትን ነገር የደበቁ ሰዎች ፈገግ የሚሉት ዓይነት ናት።

«ዛሬስ ቶሎ ጨረስሽ» አለቻት።

ክላሪስ የመኪናውን በር ወርውራ ዘጋችው።

«ደስ ብሎሻል አይደል? አገር ምድሩ ፊት አዋረድሽኝ። ገንዘቡ ቢተርፍሽ ለድመትሽ ነገር አትገዥም? የእኔን ቤት ግብር ምን አስነካሽ?»

«ቀስ በይ፣ ክላሪስ። እማ ትሰማሻለች።»

«ትስማ። ለመሆኑ ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ? ቤቱ በስምሽ ስላልሆነ ላንቺ አይቀነስልሽም። እኛ ስላልከፈልን ለእኛም አይቀነስልንም። ለታይታ ብለሽ አቃጠልሽው።»

«የምን ቅናሽ ነው የምትይው?» አለች ሮዛን። ፈገግታው ከፊቷ ጠፍቷል። የምሯን ነበር፤ የዓመት ደመወዟ ኖርበርት ከሚያስቀንሰው ያልበለጠ ሰው ስለ ተቀናሽ ምን ይወቅ።

ክላሪስ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። ቤቱን ጸደይ ላይ እሸጠዋለሁ፣ ማደሪያሽን ካሁኑ ፈልጊ አለቻት። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጣፈጣት። ደግማ አለችው።

ሮዛን አካፋውን በረዶው ላይ ሰካችውና ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት አየች። መስኮቱ በእንፋሎት ታፍኗል። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እኔ አምስት ሳንቲም አልከፈልኩም። ከየት አምጥቼ? የከፈለችው እማ ናት። በረዶ ስለነበረ ከመኪና አትውረጂ ብያት ገንዘቡን ይዤ ገባሁ። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች።»

«እማ ከየት አመጣችው?»

«የአባባን አኮርዲዮን ሸጠችው።»

ሮዛን አሁን አፏ ተከፍቷል፤ ስንት ዓመት የያዘችው ነገር ነው።

«ስጪኝ ብያት ነበር» አለች። «አልቅሼ ለመንኳት። ከእኔ በቀር ማን ይነካዋል? 'አይሆንም፣ ይሄ ለክላሪስ ነው' አለችኝ። አጥባታለሁ፣ አበላታለሁ፣ ስትስል የምነሳው እኔ ነኝ። ከአፏ የማይጠፋው ግን ያንቺ ስም ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር 'ይሄ የክላሪስ ቤት ነው፣ ያኖረችኝ እሷ ናት፣ እግራችሁን ጥረጉ' ትላለች። እኔ እዚያው ቆሜ! ቄሱን እንኳ እግርዎን ይጥረጉ ብላቸዋለች። አንቺ በዓመት አንዴ ካፖርት ለብሰሽ ብቅ ትያለሽ፣ እኔ ስለዚያ ካፖርት ስሰማ እከርማለሁ። ምን አለ አንድ ቀን እንኳ ለእኔ አንድ ማንኪያ ብትሸጥልኝ።»

አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገች። ዓይኗ ቀልቷል፤ በብርዱ ነው እንዳይባል ብርዱን የለመደች ናት። ክላሪስ ያን ፊት ታውቀዋለች። መስታወት ውስጥ ስታየው የኖረችው የራሷ ፊት ነው። ይቺ ሴት ቀንታብኛለች፣ እኔ በእሷ ስቃጠል እሷ በእኔ ስትቃጠል ኖራለች አለች በሆዷ።

እንግዲህ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ክላሪስ ያን ጊዜ የተሰማት ሐዘኔታ አይደለም። ደስ አላት። ያሳፍራል፣ ግን ደስ አላት። ለዚያች አንዲት ቃል ስንት ዓመት ተርባ፣ ቃሏ ግን እሷ በሌለችበት፣ ለመጣው ሁሉ፣ እስኪሰለች ትባል ኖሯል። ያውም በሮዛን ጆሮ።

«ግቢ» አለች ሮዛን። «ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቅሽ ነው። ስለ መሸጡ ግን ዛሬ አትንገሪያት። ዛሬን ብቻ ተያት።»

አካፋዋን ነቅላ ወደ መንገዱ ዳር ሄደች።

ወጥ ቤቱ ጎመንና ቋሊማ ሸቷል። ጠረጴዛው ላይ የበዓሉ ሳህን ወጥቷል። የአኮርዲዮኑ መደርደሪያ ባዶ ነው፤ ማንም እንዳይጠይቅ ይመስል አንድ የአበባ ማስቀመጫ ተደርጎበታል። ሃቲ ወንበሯ ላይ ሆና ልጇን ስታይ፣ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን እንደ ሕፃን ገጠመች።

«እህ፣ ከፍለሽ መጣሽ?»

«ተከፍሎ አገኘሁት፣ እማ።»

አሮጊቷ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ከሳሉ ስትመለስ ደግሞ ሳቀች። ገንዘብ ያዧ ምን እንዳለች፣ ማን ማን እንደነበረ፣ ክላሪስ ምን እንደመለሰች አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ክላሪስ ስለ ሽማግሌው አልነገረቻትም።

«አኮርዲዮኑን ለምን ሸጥሽው፣ እማ? እኛ እኮ አልተቸገርንም።»

«መቼ ተቸገራችሁ አልኩ?» አለች ሃቲ። ሾርባውን እየቀዳች ነበር፤ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ግማሹ ሳህኑ ዳር ላይ ፈሰሰ። «በየዓመቱ ከዚያ አዳራሽ ፊትሽን አኮሳትረሽ ትመጫለሽ። ካፖርትሽን ሳታወልቂ በሩ ጋ ቆመሽ ታወሪኛለሽ፣ ትሄጃለሽ። ግብሩ ነው እንዲህ የሚያደርጋት አልኩ። ግብሩ ባይኖርባት ልጄ ቁጭ ብላ ትበላ ነበር አልኩ። አንድ ዓመት ልሞክረው ብዬ ነው። በይ፣ ካፖርትሽን አውልቂ።»

ክላሪስ ካፖርቷን አወለቀች። የምትሰቅልበት ጠፍቷት ትንሽ ይዛው ቆመች። በገዛ ቤቷ ካፖርት የሚሰቀልበትን አታውቅም ነበር። እናቷ በጣቷ አሳየቻት።

ተቀመጠች። ሾርባው አባቷ የሚወደው ዓይነት ነው፣ ቁንዶ በርበሬ የበዛበት። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ አፍ አፏን ታያታለች። ኖርበርት ደስ አይለውም ወይ፣ ለአንድ ዓመት ከሸክሙ መገላገሉ ነው አለቻት። ክላሪስ ስለ ተቀናሹ ልትነግራት አፏን ከፈተች፣ ሾርባ አጉርሳ ዘጋችው። ደስ ይለዋል እማ፣ ደውዬ ነግሬው ነበር፣ በጣም ነው ደስ ያለው አለች።

ቤቱን እንደማትሸጠው ታውቃለች። ይህንንም ለሮዛን ዛሬውኑ መንገር እንዳለባት ታውቃለች። ስለ አኮርዲዮኑም፣ የገዛው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቃ፣ በቦርሳዋ በቀረው ቼክ መልሳ ልትገዛው እንደምትችል አስባለች። ይህ ሁሉ በሾርባው መሀል መጣላት፤ ልቧ ክፉ አይደለም። ከውጭ የሮዛን አካፋ በረዶውን ሲፍቅ ይሰማል። መኪናው የቆመበትን፣ ክላሪስ ስትሄድ እንዳትቸገር፣ እየጠረገችላት ነው።

«ሮዛንን ጥሪያት እስኪ» አለች ሃቲ። «ሾርባው ሊቀዘቅዝባት ነው።»

ክላሪስ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ወደ እናቷ ተመለሰች። እናቷ አገጯን በእጇ ይዛ፣ እሷን፣ እሷን ብቻ እያየች ነበር። እንዲህ ያየቻት መቼ እንደሆነ አታስታውስም።

«እሺ እማ፣ እጠራታለሁ» አለችና አንድ ቁራሽ ዳቦ ጨመረች።